«ሲስተር፣ አንቺስ አትፈሪም?» ስለ ሳይካትሪ ነርስነት ለጤና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ!

ኧረ እንዲህ ነው እንዴ ሰላምታ? ምሳ በልታችሁ መጣችሁ መሰለኝ፣ ድምፃችሁ ተኝቷል። እንደገና! እንደምን ዋላችሁ? እሺ፣ አሁን ተሰማኝ።

መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁትም፣ ስለጋበዛችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ። ሦስት ነገር ላወራ ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ እኛ የሳይካትሪ፣ ማለትም የአእምሮ ሕክምና፣ ነርሶች ምን እንደምንሠራ። ሁለተኛ፣ ሰው የሚፈራውን ነገር። ሦስተኛ፣ ለእናንተ ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን። ሰዓት የሚቆጣጠረው ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ ዓይን ለዓይን ላለመተያየት እሞክራለሁ።

መጀመሪያ ግን እኔ ልጠይቅ። «ሳይካትሪ ነርስ» ስላችሁ ቶሎ ምን መጣባችሁ? ጮክ በሉ። «አማኑኤል!» አለ አንዱ። ጠብቄው ነበር። ሌላስ? «ጡንቻ!» ይኸው፣ እኔን እዩኝ እስቲ። ጡንቻ የታለ?

ከአማኑኤል እንጀምር። አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሩ ሁሉ ያለ የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ብቻ ነበር። አስቡት፤ ከሞያሌም ይምጣ ከመተማ፣ ታማሚው በአውቶቡስ ተጭኖ የሚመጣው እዚያው ነው። ለዚህም ነው ስሙ መሰዳደቢያ የሆነው። ጓደኛችሁን ትንሽ ወፈፍ ሲያደርገው «አማኑኤል እንውሰድህ?» ትሉታላችሁ። ትላላችሁ፣ አውቃለሁ። እኔም ተማሪ ሳለሁ እል ነበር።

አሁን አንድ ስሌት ሥሩልኝ። አማኑኤል ውስጥ በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ ነርሶችን በሳይካትሪ ማሠልጠን የተጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 ነው። ሐኪሞችን በሳይካትሪ ስፔሻሊስት የሚያደርገው ትምህርት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው ደግሞ በ2003። ስንት ዓመት ነው መካከሉ? 16። በእነዚያ 16 ዓመታት ክፍለ ሀገር ላይ ድምፅ የሚሰማውን፣ እንቅልፍ ያጣውን፣ በሚጥል በሽታ እሳት ላይ የወደቀውን ሲያክም የኖረው ማን ይመስላችኋል? ነርስ ነው። ነርስ!

ዛሬም ብዙ ሆስፒታል ብትሄዱ የሳይካትሪ ተመላላሽ ክፍሉ ወንበር ላይ የምታገኙት ነርስ ነው። ታሪክ ይወስዳል፣ ሕመሙን ይለያል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ይቀጥራል፣ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ሪፈር ይጽፋል። ሌላ አገር ይህን ለማድረግ ነርሱ ስንት ተጨማሪ ትምህርት ይማራል፤ እኛ ጋ ግን ችግሩ ራሱ አስተማሪ ሆነ። ወንድ ነርስ ከሆነ ደግሞ ታካሚው «ዶክተር» ይለዋል። አርሞ አርሞ ሲደክመው ይተወዋል። እኔን «ሲስተር» ይሉኛል። የምናዘው ክኒን ግን ያው ነው፣ ይህ በመዝገብ ይያዝልኝ።

ይህ ተመላላሽ ነው። ታካሚ ተኝቶ የሚታከምበት ዋርድ ላይ ያለው ሥራ ሌላ ነው። እዚያ ትልቁ ሥራችን ማየት ነው። አትሳቁ! የውስጥ ደዌ ነርስ ግፊት ይለካል፣ ስኳር ይለካል፣ ቁጥሩን ካርድ ላይ ይጽፋል። እኛ ቁጥር የሚነግረን መሣሪያ የለንም። ሰውየው ከትናንት ተሽሎታል ወይስ ብሶበታል? የሚነግረን ዓይንና ጆሯችን ነው። ፊቱን ታጥቧል? ለብቻው ሲስቅ ነበር? ስታናግሩት የሚያዳምጠው እናንተን ነው ወይስ ከጀርባችሁ ያለ ሌላ ሰው? ሌሊት ተኛ? ክኒኑን ዋጠው ወይስ ጉንጩ ውስጥ ይዞት ሽንት ቤት ሄደ? ይህቺን እንኳ ጠንቅቀን ነው የምናውቃት። «ምላስህን አንሣ፣ ወደ ጎን፣ እሺ፣ ተባረክ» እንላለን።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባይፖላር፣ ማለትም ስሜትን አንዴ ከልክ በላይ የሚያነሳ አንዴ የሚጥል ሕመም፣ ያለበት፣ በተመላላሽ ለረጅም ጊዜ የምናውቀው ሰው ነበር። ቁጥብ ሰው ነው። ይገባል፣ «ደህና ነሽ ሲስተር» ይላል፣ መድኃኒቱን ይዞ ይወጣል። አንድ ቀን ድምፁን ከኮሪደር ጀምሮ ሰማሁት። ወረፋ የያዘውን ሰው ሁሉ እየዞረ በትከሻ ሰላም ይላል። ሙዝ በፌስታል ገዝቶ መጥቶ ለማያውቀው ሰው ያድላል። ሰዉ ደስ ብሎታል፤ «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!» ይባባላል። እኔ ሚስቱን ወደ ጎን ጠርቼ አንዲት ጥያቄ ጠየቅኋት። «እንቅልፍስ?»

«ኧረ እንቅልፍ የለም ሲስተር! ከሦስት ቀን ወዲህ ሌሊቱን ቤት ሲያጥብ ነው የሚያድረው። ጎረቤት ሁሉ ቀንቶብኛል።»

ሳቃችሁ አይደል? እሷም እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ግን ከሙዙ ቀጥሎ የሚመጣውን እናውቀዋለን። ብድር ይመጣል፣ ከሥራ ጠብ ይመጣል፣ ቤት ልሽጥ ይመጣል። በዚያው ቀን መድኃኒቱ ተስተካከለ፣ ሚስቱም ምን ምን እንደምትከታተል ተነገራት፣ ዋርድ ሳይገባ አለፈ። ምን አየን? ሰላምታው እንደረዘመ አየን። በቃ፣ ይኼው ነው።

ሌላም አለ። ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ ነበረች። እንዲህ ያሉ እህቶች ብዙ መጥተውልናል። ደመወዝ ተከልክለው፣ በር ተቆልፎባቸው፣ የደረሰባቸውን እናት አባት ፊት መናገር የማይችሉ። ይህቺ ልጅ ጭራሽ አትናገርም። ካላጎረሷት አትበላም። ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። መድኃኒቷን ጀምራለች፤ ከዚያ ጎን ለጎን የእኔ ሥራ ምን ነበር? ጠዋት ጠዋት አጠገቧ ወንበር ስቤ መቀመጥ። ስሜን እነግራታለሁ፣ ቀኑን እነግራታለሁ፣ «መናገር የለብሽም፣ እዚህ ነኝ» እላታለሁ። እቀመጣለሁ። ከውጭ የሚያየኝ ሰው ሥራ ፈትታ የተቀመጠች ነው የሚለው፤ አንዳንድ የሌላ ክፍል ሰውም ብሏል።

አንድ ጠዋት ሻይ ሰጠኋት። ያዘች። ቀመሰች። ፊቷን ቋጠር አደረገችና «ስኳሩ በዛ» አለች።

እኔ ያን ቀን የሆንኩትን! ካርዷ ላይ «ታካሚዋ ስለ ሻዩ ስኳር አማረረች» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ክፍል ያለ ነርስ ቢያነበው ይስቅብኛል። እኛ ጋ ግን በርክክብ ሰዓት መጀመሪያ የተነገረው እሱ ነው። የማታ ተረኛው ሲሰማ አጨበጨበ።

ማየት ብቻ ግን አይበቃም። መድኃኒቱን በደንብ ማወቅ አለባችሁ። ሃሎፔሪዶልን ፋርማኮሎጂ ላይ ተምራችሁታል፤ ለፈተና ሸምድዳችሁ ረስታችሁታል። ርካሽ ነው፣ ብዙ ቦታ ይገኛል፣ ድምፅ የሚሰማውን ሰው ያረጋጋል። ግን በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ፣ በጀመሩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ጡንቻን ጨምድዶ ሊይዝ ይችላል። አንገት ይጠመዘዛል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋ ይቆለፋል። አሁን ራሳችሁን ቤተሰቡ ቦታ አስቀምጡ። ልጃችሁን ጸበል ለጸበል ይዛችሁ ዞራችሁ፣ በስንት ሰው ምክር ሐኪም ቤት አምጥታችሁ፣ ክኒኑን በጀመረ በሦስተኛው ቀን አንገቱ ተጠምዝዞ ዓይኑ ነጭ ብቻ ሆኖ ስታገኙት ምን ትላላችሁ? «ተመለሰበት!» ነዋ። ሌላ ምን ይባላል?

እንዲህ ሆኖ በሰው ሸክም የመጣ ልጅ አስታውሳለሁ። አያቱ መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው ይጸልያሉ። አጎትየው መድኃኒቱን ጉድጓድ ጨምሮታል። ክኒኑ የተጀመረለት ሌላ ቦታ ነው፤ እንዲህ ሊያደርገው እንደሚችል ግን ማንም አልነገራቸውም። ፕሮሜታዚን በመርፌ ሰጠነው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን አንገቱ ተለቀቀ፣ ቀና ብሎ ተቀመጠና ውኃ ጠየቀ። አያቱ እጄን ይዘው «ምን ዓይነት ጸበል ነው የወጋሽው ልጄ?» አሉኝ።

መርፌው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሥራው ከመርፌው በኋላ ነው። ቁጭ ብሎ «እማማ፣ ይኼ መንፈስ አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው እንዲህ ያደረገው። መጠኑን እናስተካክላለን፣ ይህን የሚከላከል ሌላ ክኒን እንጨምርለታለን፣ እንዳታቋርጡበት» ብሎ ለአያቱ መንገር፣ ለአጎቱ መንገር፣ ተሸክመው ለመጡት ጎረቤቶች መንገር። ጎረቤቱ ካልገባው መንደሩ አይገባውም። መንደሩ ካልገባው ልጁ ለቀጠሮው አይመጣም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ፍርሃት።

«ሲስተር፣ አንቺስ አትፈሪም?» ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም። የታክሲ ረዳት ጠይቆኛል። የልጄ አስተማሪ ጠይቃኛለች። አማቴ እስከ ዛሬ ይጠይቁኛል፣ መልሱን ስነግራቸው ደግሞ አያምኑኝም።

እውነቱን ልንገራችሁ። አብዛኛው የአእምሮ ታካሚ ማንንም አይመታም። ይልቅ እሱ ነው የሚመታው። በድንጋይ የሚባረረው እሱ ነው፣ መንገድ ዳር ልብሱን የሚቀማው እሱ ነው፣ ሴት ከሆነች ደግሞ የሚደርስባትን ታውቃላችሁ። ግን «ምንም አደጋ የለም» ብዬ አልዋሻችሁም። እኔም ጥፊ ቀምሻለሁ። ስለዚህ እንጠነቀቃለን። ስትቀመጡ እናንተም እሱም ወደ በሩ መውጫ ይኑራችሁ፤ መውጫ ያጣ ሰው ነው የሚደነግጠው። ሻርፕ፣ ረጅም ሐብል፣ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ነገር አውልቁ። ጀርባ አትስጡ። እሱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እናንተ ዝቅ አድርጉ። ሰው ጥሩ፤ ብቻችሁን ጀግና ለመሆን አትሞክሩ።

እኔን ግን የሚጮኸው አያስፈራኝም። የሚጮኸውንማ ዘበኛውም ያየዋል። የሚያስፈራኝ ዝም ያለው ነው። በከባድ ድባቴ የሰነበተ፣ ከዚያ አንድ ቀን ዕቃውን ለጓደኞቹ አከፋፍሎ፣ አልጋውን አስተካክሎ፣ ድንገት «አሁን ደህና ነኝ» የሚለው። እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፣ የትኛውም ክፍል ብትመደቡ ይጠቅማችኋል። ስለ ራስ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይከትም። አይከትም! ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች «ኧረ ሲስተር፣ እንዴት እንዲህ ብዬ እጠይቃለሁ፣ ሟርት አይሆንም?» ይሉኛል። አይሆንም። ቀስ ብላችሁ ግቡ። «እንዲህ ሲጨንቅህ መኖር አስጠልቶህ ያውቃል?» ከዚያ በግልጽ፣ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ከዚያ፣ «በምን? መቼ? ዕቃው ቤት ውስጥ አለ?» ብዙ ሰው ስትጠይቁት አይቆጣም፤ የሚጠይቀው ሰው በማግኘቱ ትከሻው ወረድ ይላል። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ለሚቀጥለው ባለሙያ እጅ በእጅ አስረክቡ። ቤተሰቡንም «የእህል መድኃኒቱን ከቤት አውጡ» በሉ። እንዲያው አይምሰላችሁ፤ ዛሬ ሌሊት እጁ የማይደርስበት ነገር ሕይወቱን ያተርፋል።

ከርዕሴ ልውጣ ትንሽ፣ ይፈቀድልኝ።

ሰው በሰንሰለት ታስሮ ሲመጣ ታያላችሁ። መጀመሪያ ታለቅሳላችሁ፤ ቀጥሎ አባትየው ላይ ትናደዳላችሁ። አትናደዱበት። ያ አባት ልጁ ሌሊት ወጥቶ ጅብ እንዳይበላው፣ የሰው ቤት እንዳያቃጥል ፈርቶ ነው ያሰረው። እርሻውን ትቶ ሲጠብቀው የከረመ ሰው ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ብዬ ነው። ለምን መሰላችሁ? ቁልፉን የያዘው ሰው ክኒኑንም የሚሰጠው፣ በወሩ ለመርፌ የሚያመጣውም እሱ ነው። አንዳንዴ አባት ነው፣ አንዳንዴ ታላቅ እህት ናት። ያን ሰው ካገኘሁ ወንበር እሰጠዋለሁ፣ ውኃ እሰጠዋለሁ፣ ከታካሚው እኩል አወራዋለሁ። ልጁ እየተሻለው ሲሄድ ሰንሰለቱን የሚፈታው ያው ሰው ነው፤ እኔ ሕግ ጠቅሼ አስፈትቼ ብልከው ግን ቤት ሲደርስ መልሶ ያስረዋል።

ጸበልስ? «ጸበሉን ተዉ» አትበሉ። ካላችሁ በእርግጥ ይተዋሉ፤ የሚተዉት ግን እናንተን ነው። እኔ «ጸበሉንም ጠጡ፣ ክኒኑንም ዋጡ» እላለሁ። ስንት ሰዓት ይጠመቃል? ስንት ሰዓት ይበላል? ክኒኑን ከዚያ ጋር አስማማለሁ። ረመዳን ከሆነ ወደ ማፍጠሪያውና ወደ ሱሑሩ አዞራለሁ። ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ከሆነ ግን ጠንከር እላለሁ፤ ውኃ ሳይቀምስ መዋል፣ ወይም ጸበሉን ጠጥቶ ሲያስመልሰው መዋል መድኃኒቱን ደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ሊያበዛውና ሊመርዘው ይችላል። ይህን ለካህኑም ለሼኩም ሄዶ ማስረዳት የእኛ ሥራ ነው። ይሰማሉ። እንዲያውም የትኛው ታማሚ እንደጠናበት ከእኛ ቀድመው የሚለዩ አሉ፤ ከእሱ ጋር ስንት ሌሊት አድረዋል።

እሺ፣ ሰዓት የሚቆጣጠረው ልጅ እጁን አወጣ። አየሁህ፣ አየሁህ። ሦስተኛው ላይ ነኝ።

ለእናንተ ይሆናል ወይ?

ብዙ ሰው «እኔ አዛኝ ነኝ፣ ስለዚህ እሆናለሁ» ይለኛል። ማዘን ጥሩ ነው። ግን እኔ እንዳየሁት አዛኙ ቶሎ ይከፋዋል። ታካሚው መድኃኒቱን አቁሞ ለአምስተኛ ጊዜ ሲመለስ «ይህን ሁሉ ደክሜለት!» ይላል። እኔ ብመርጥ የምመርጠው «ለምን አቆመው?» ብሎ የሚጠይቀውን ተማሪ ነው። አፉ ደርቆበት ነው? ውፍረት ጨምሮ ነው? ከሚስቱ ጋር መሆን አቅቶት፣ ለመናገር አፍሮ ነው? የመሳፈሪያ አጥቶ ነው? ወይስ «ድኛለሁ» ብሎ ነው? ደም ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ሲሻለው ክኒኑን እንደሚተወው ማለት ነው። አምስቱም ጊዜ ምክንያቱ ሊለያይ ይችላል። ይህን ማወቅ የሚያጓጓችሁ ከሆነ ለዚህ ሥራ ተፈጥራችኋል።

መከራከር የምትወዱ ተቸግራችኋል። ታካሚው «ጎረቤቴ በግድግዳው ጨረር ይልክብኛል» ሲላችሁ «ውሸት ነው» አትሉም። «እውነትህን ነው»ም አትሉም። «ይህ ሁሉ ሲሆን እንቅልፍ ማጣትህ አይቀርም፤ እስቲ ስለ እንቅልፍህ ንገረኝ» ትላላችሁ። ማሸነፍ ለሚወድ ሰው ይህ ከባድ ነው።

ወሬ የምትወዱ ደግሞ ከናካቴው አትምጡ። ይቅርታ፣ ግን አትምጡ። አንዲት ቃል ከአፋችሁ ብታመልጥ የታጨች ልጅ ሠርጓ ይቀራል፣ ሰው ከሥራው ይባረራል። ፒያሳ ላይ የቀድሞ ታካሚዬን አገኘዋለሁ፤ ሱፍ ለብሶ፣ ከባልደረቦቹ ጋር። አይቶኝ ዓይኑን ያዞራል። እኔም አዞራለሁ። ቀድሜ ሰላም አልልም። «የት ተዋወቃችሁ?» ብለው ቢጠይቁት ምን ይመልስ? ምስጋና የሚርባችሁ ከሆነ እዚህ ክፍል ትራባላችሁ።

ቤተሰብ ውስጥ ታማሚ ያላችሁ አላችሁ። እጅ አታውጡ። ምርጥ ነርስ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ የአስታማሚን ድካም ማንም ሊያስተምራችሁ አይችልም። ግን ወንድማችሁን ለማዳን ብላችሁ ብቻ አትግቡ። የሚመጣው ታካሚ ሁሉ ወንድማችሁ እየመሰላችሁ እንዴት አድርጋችሁ ትችሉታላችሁ? መጀመሪያ የምታወሩት ሰው ፈልጉ። ይህ ለእኛም ለቆየነው ይሠራል።

ደመወዝ? ጥያቄው እስኪመጣ አልጠብቅም። የነርስ ደመወዝ ነው። መድኃኒት ከሆስፒታሉ አልቆ ለታካሚው «ከውጭ ግዛ» ማለትም አለ፤ ከጥፊው በላይ የሚያመኝ እሱ ነው። መማር ለሚፈልግ ግን መንገዱ ክፍት ነው። ጎንደርና ጅማ በአእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ አለ። በተፈናቃይና በስደተኛ ካምፕ የሚሠሩ ድርጅቶችም የእኛን ሰው ይፈልጋሉ። ውጭ ለምታስቡ፣ ታስባላችሁና አንደባበቅ፣ እንግሊዝ የአእምሮ ጤና ነርስነት ራሱን የቻለ የነርስ ዘርፍ ነው። አሜሪካ ግን ለነርስ ፈቃድ ጠቅላላ የነርስ ትምህርት ማየት ይፈልጋሉ፤ የአዋቂ፣ የሕፃናት፣ የማዋለድና የአእምሮ፣ ከነልምምዱ። ስለዚህ ዘርፍ ስትመርጡ ዲግሪያችሁ ላይ ምን እንደሚጻፍ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከተመረቃችሁ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

የምርጫ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። በአቅራቢያችሁ ያለ ሆስፒታል ሄዳችሁ፣ በትምህርት ክፍላችሁ በኩል አስፈቅዳችሁ፣ የሳይካትሪ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ስልካችሁን አጥፉ። አትናገሩ፣ እዩ ብቻ። ምሳ ሰዓት መድረሱን ሳታውቁት ከደረሰ፣ ኑ። ሰዓታችሁን ስታዩ ከዋላችሁ ሌላ ክፍል ሞክሩ፤ ምንም ነውር የለውም፣ ለታካሚውም የሚሻለው እሱ ነው።

ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ጥያቄ። ልጄ፣ አንቺ ከኋላ ያለሽው፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበስሽው፣ ስለ ጸበል ሳወራ ጀምሮ እጅሽን አውጥተሻል። ማይኩን ስጧት እስቲ።